የአምቡላንሱ መንገድ በማን ሒሳብ?

ሰው በግ ሲገዛ ላቱን ዳብሶ፥ ጥርሱን አይቶ፥ ከነጋዴውም ጋር ተከራክሮ ነው። ታክሲ ሲሳፈርም ሒሳቡን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ዋጋው ያልተስማማው እንደሆነ ትቶ በእግሩ ይሄዳል። ዋጋው ሳይጠየቅ፥ ባለቤቱ ሳይመረጥ፥ አንዳንድ ጊዜም ተሳፋሪው ራሱን ሳያውቅ የሚሳፈርበት አንድ ተሽከርካሪ ግን አለ፤ እርሱም አምቡላንስ ነው። ልቡን በድንገት የያዘው ሰው፥ «መኪናችሁ ስንት ያስከፍላል? ከእኔ ኢንሹራንስ ጋርስ ውል አላችሁ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ትንፋሽ አይኖረውም።

እንዲህ ያለው ተሳፋሪ በሒሳቡ ሊጠየቅ የሚገባው እስከ ምን ድረስ ነው? ከሀብታሞቹ አገሮች መካከል ይህ ጥያቄ ጎልቶ የሚሰማው በአሜሪካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ2018 ዓ.ም. በጁን ወር መጨረሻ በቦስተን ከተማ የአንዲት ሴት እግር በባቡርና በመሳፈሪያው መድረክ መካከል ገብቶ ተያዘ። መንገደኞቹ ተባብረው ባቡሩን ገፍተው አላቀቋት፤ እግሯ ግን ክፉኛ ተተልትሎ ነበር። ሴትዮዋም ከሕመሟ ጋር እየታገለች አምቡላንስ እንዳይጠሩ ለመነቻቸው። ምክንያቷም ሒሳቡ ሦስት ሺህ ዶላር ይሆናል፥ ለዚያ ዐቅም የለኝም የሚል ነበር። በስፍራው የነበረች አንዲት ጋዜጠኛ ያየችውን ስለ ጻፈች ወሬው በብዙ አገር ተሰማ። ሰው ከቁስሉ ይልቅ የሚመጣበትን የሒሳብ ደብዳቤ መፍራቱ ሰሚውን ሁሉ አስገርሟል።

ነገሩ ለእኛም የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፥ በሌሎቹም ግዛቶች፥ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከዚህም አባቶችና እናቶች ልጃቸውን ለማረስ፥ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ባሕር ተሻግረው ይሄዳሉ፤ ከመካከላቸውም የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ያለባቸው ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ የአምቡላንሱ ሒሳብ እንዴት እንደሚሠራ፥ ኢንሹራንሱም የቱን ከፍሎ የቱን እንደሚተው ማወቅ ለብዙ ቤተ ሰብ ይጠቅማል።

ከሬሳ መኪና እስከ 911

አምቡላንስ ዛሬ እንደምናየው ተሟልቶ የተወለደ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ስለ ድንገተኛ አደጋ ባወጣው ሪፖርት እንደ ገለጸው፥ በዚያን ጊዜ የአገሪቱን የአምቡላንስ ሥራ ግማሽ ያህል የሚያከናውኑት 12,000 የሚያህሉ የቀብር ሥራ ድርጅቶች ነበሩ። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ሬሳ የሚጋደምበት መኪና ሕመምተኛም ሊያጋድም ይችላል። እንግዲህ ሕያውን ለማዳን የሚጠራው ሰው ሙታንን የሚቀብረው ያው ሰው ነበር ማለት ነው።

በተከታዩ ዓመት በ1967 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ ፍሪደም ሀውስ የሚባል የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ። ሂል በሚባለው ሰፈር ሥራ አጥተው የነበሩ ጥቍር አሜሪካውያን፥ ዶክተር ፒተር ሳፋር ባዘጋጁት ትምህርት ሠልጥነው፥ ሕመምተኛውን በመኪናው ውስጥ ሳለ ማከም ጀመሩ። በመላው አሜሪካ የዛሬው ፓራሜዲክ ከሚቈጠርባቸው ምንጮች አንዱ ይህ ነው። የከተማው አስተዳደር የራሱን አገልግሎት ሲያቋቁም ፍሪደም ሀውስ በ1975 ዓ.ም. ተዘጋ። በዚሁ ዘመን በ1968 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ 16 ቀን በአላባማ ግዛት ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያው የ911 ስልክ ተደወለ።

የፌዴራሉ መንግሥትም በ1973 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ለድንገተኛ ሕክምና ማቋቋሚያ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። በ1981 ዓ.ም. ግን ይህ ገንዘብ ከሌላው የጤና በጀት ጋር ተደባልቆ በጥቅል ለግዛቶቹ እንዲሰጥ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከተማ፥ እያንዳንዱም ካውንቲ በየራሱ መንገድ ሄደ። በአንዱ ቦታ አምቡላንሱ የእሳት አደጋ ክፍል ነው፤ በሌላው የሆስፒታል ነው፤ በሌላው የግል ኩባንያ ነው፤ በገጠር ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ይገኙበታል። የሒሳቡ ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሲቃጠልበት እሳት አጥፊ የጠራ ሰው፥ ሌባ ሲገባበት ፖሊስ የጠራ ሰው፥ በማግስቱ የሒሳብ ደብዳቤ አይጠብቅም፤ አምቡላንስ የጠራ ሰው ግን በአብዛኛው ይጠብቃል።

ሒሳቡ እንዴት ይቀመራል?

የአምቡላንስ ሒሳብ በአብዛኛው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ለመነሻ የሚከፈለው ሲሆን፥ ይኸውም በመኪናው ውስጥ እንደ ተሰጠው ሕክምና ይለያያል፤ ኦክሲጅን ብቻ የተሰጠውና የልቡ ምት በመሣሪያ እየተጠና በደም ሥሩ መድኀኒት የገባለት ሰው እኩል አይከፍሉም። ሁለተኛው ሕመምተኛው በተጓዘበት ማይል ልክ የሚታሰበው ነው።

ይህን ሒሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ፥ መልሱ ሕመምተኛው በያዘው የኢንሹራንስ ዐይነት ይወሰናል። ዕድሜያቸው 65 የሞላቸው የሚገቡበት ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ፥ በሌላ መኪና መሄድ ለሕመምተኛው አደገኛ እስከ ሆነ ድረስ፥ በአቅራቢያው ወዳለው ተስማሚ ሆስፒታል የሚደረገውን ጕዞ ይከፍላል። ሕመምተኛው በዓመቱ መጀመሪያ ከኪሱ የሚሸፍነውን ገንዘብ (በ2025 ዓ.ም. 257 ዶላር ነበር) ከፍሎ ከጨረሰ፥ የእርሱ ድርሻ ሜዲኬር ከወሰነው ዋጋ መቶ እጅ ሃያው ብቻ ነው። የአምቡላንሱም ባለቤት ከተወሰነው ዋጋ በላይ እንዳይጠይቅ ተከልክሏል። ለድኾች የቆመው ሜዲኬይድ የሚባለው ደግሞ ከሕመምተኛው የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ ወይም ምንም አይደለም። ስለዚህ በመንግሥት ኢንሹራንስ ውስጥ ያሉ ሰዎች ከትልቁ ዕዳ በመጠኑ የተጠበቁ ናቸው።

ችግሩ የሚበዛው በመሥሪያ ቤቱ በኩል ወይም በራሱ ገንዘብ የግል ኢንሹራንስ በገባው ሰው ላይ ነው። ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ የአምቡላንስ ድርጅት ለአንድ ጕዞ 1,500 ዶላር ጠየቀ እንበል። ድርጅቱ ከኢንሹራንሱ ኩባንያ ጋር የዋጋ ውል የለውም። ኩባንያውም፥ «ለዚህ ጕዞ የሚገባው 600 ዶላር ነው» ብሎ ቈረጠ። ከዚሁ ውስጥ መቶ እጅ ሃያው የሕመምተኛው ድርሻ ከሆነ 120 ዶላር ይደርስበታል። ነገር ግን በ1,500ውና በ600ው መካከል ያለው 900 ዶላር አልተከፈለም። የአምቡላንሱ ድርጅት ይህንን ልዩነት ከሕመምተኛው ይጠይቃል፤ ጠቅላላ ዕዳውም 1,020 ዶላር ይሆናል። በየወሩ ከደመወዙ እየተቈረጠ ኢንሹራንስ ሲከፍል የኖረ ሰው ይህንን ደብዳቤ ሲያገኝ፥ «ታዲያ የከፈልኩት ለምን ነበር?» ቢል አይፈረድበትም።

ይህ የሚደርሰው በአንድና በሁለት ሰው ላይ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. ሄልዝ አፌርስ በሚባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፥ የአንድ ትልቅ የግል ኢንሹራንስ አባሎች በምድር አምቡላንስ ያደረጉትን ጕዞ መርምሮ፥ ከመቶው ሰባ አንዱ ያልታሰበ የልዩነት ሒሳብ ሊያስከትል የሚችል እንደ ነበረ አሳይቷል። የዚያም ልዩነት መካከለኛው መጠን 450 ዶላር ነበር። ለባለጠጋ 450 ዶላር ምንም አይደለም፤ የቤት ኪራይ ለደረሰበት ሠራተኛ ግን ወሩን የሚያናጋ ገንዘብ ነው።

ሰማዩን ጠብቆ ምድሩን የተወ ሕግ

የአሜሪካ ኮንግሬስ ይህንን ዐይነት በደል ሳያይ ቀርቶ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. በዲሴምበር 27 ቀን የተፈረመውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፥ ያልታሰበ ሒሳብን የሚከለክለው ሕግ ለብዙዎች እፎይታ ሰጥቷል። ኢንሹራንስ ያለው ሰው በድንገተኛ ክፍል ያከመው ሐኪም ውል የሌለው ቢሆን እንኳ የልዩነቱን ሒሳብ አይጠየቅም። በሄሊኮፕተር ወይም በአውሮፕላን አምቡላንስ የተጓዘም እንዲሁ። በመንኰራኵር የሚሄደው አምቡላንስ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ቀረ። ነገሩን ስናስበው የሚያስገርም ነው፤ በሰማይ የበረረው ተጠበቀ፥ ሆስፒታል የገባው ተጠበቀ፥ ከቤቱ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ በምድር የተወሰደው ግን ተረሳ።

በእርግጥ ተረሳ ከማለት ይልቅ ሆን ተብሎ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ ማለት ይሻላል። ኬ.ኤፍ.ኤፍ. የሚባለው የጤና ጕዳይ ጥናት ድርጅት በ2021 ዓ.ም. እንዳሳየው፥ ከድንገተኛ የምድር አምቡላንስ ጕዞዎች አብዛኞቹ የሚካሄዱት በእሳት አደጋ ክፍሎችና በሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። ዋጋውን የሚወስነው የየከተማው ምክር ቤት ነው፤ ከተማውም ያንን ገንዘብ በበጀቱ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ሕግ አውጪዎቹ የከተሞቹን ገቢ እንዳንነካ ብለው ፈሩ፤ ነገሩንም የሚያጠና ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዙ። ኮሚቴው በ2024 ዓ.ም. ባቀረበው ሪፖርት የልዩነት ሒሳብ እንዲከለከል፥ የሕመምተኛውም ድርሻ ከ100 ዶላር ወይም ከተወሰነው ዋጋ መቶ እጅ ዐሥር፥ ካነሰው እንዳይበልጥ መከረ። ይኹን እንጂ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ኮንግሬስ ምክሩን ሕግ አላደረገውም።

ለዝግጁነት የሚከፈል ዋጋ

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳይጓደል የአምቡላንሱንም ወገን መስማት ይገባል። ብዙ ሰው የአምቡላንስን ዋጋ ከታክሲ ጋር ያስተያያል፤ «አምስት ማይል ሄዶ ይህን ያህል እንዴት ይጠይቃል?» ይላል። ነገር ግን አምቡላንስ የሚሸጠው መንገዱን አይደለም፤ ዝግጁነቱን ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ስልክ ሲደወል ወዲያው ለመነሣት፥ የሠለጠኑ ሰዎች ሌሊቱን በሙሉ ነቅተው መቀመጥ አለባቸው። መኪናው፥ የልብ ማስነሻው መሣሪያ፥ መድኀኒቱ፥ ሬዲዮው ሁሉ ሕመምተኛ ቢኖርም ባይኖርም ወጪ አለው። ከወጪውም ትልቁ የሠራተኛው ደመወዝ ነው።

በዚህም ላይ ሜዲኬር የሚከፍለው ሕመምተኛው ተጭኖ ሲወሰድ ብቻ ነው። የስኳር ሕመምተኛ በቤቱ ወድቆ ቢገኝ፥ ፓራሜዲኮቹም ደርሰው ግሉኮስ ሰጥተው ቢያነቁት፥ እርሱም «ዳንኩ፥ አልሄድም» ቢል፥ ሕይወት ያተረፈው ጕዞ እንዳልተደረገ ይቈጠራል። ሕዝቡ በተራራቀበት የገጠር ካውንቲ ደግሞ ጥሪው ጥቂት ስለ ሆነ የዝግጁነቱ ወጪ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «የአምቡላንስ ድርጅቶች ስግብግቦች ናቸው» ብሎ መደምደም እውነቱን ግማሽ ያደርገዋል። ጥያቄው ዝግጁነት ዋጋ አለው ወይ አይደለም፤ አለው። ጥያቄው፥ ሁሉም የሚጠቀሙበትን ዝግጁነት በዚያች ሌሊት የታመመው አንዱ ሰው ብቻ ለምን ይከፍላል የሚለው ነው።

እንደ እድር ያሰቡ

አባቶቻችን፥ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በገጠራችን ሕመምተኛ ሲኖር ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ ለዚሁ የቆመ የቃሬዛ ማኅበር ያለበትም ቀበሌ አለ። ተሸካሚው በደረሰ ጊዜ፥ «ለትከሻዬ ስንት ትከፍለኛለህ?» አይልም፤ ነገ እርሱም እንደሚታመም ያውቃልና።

ይህን መሳይ አሳብ በአሜሪካም አልጠፋም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት በሜሪላንድ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፥ ስለ አምቡላንስ ክፍያ ብርቱ ክርክር ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ በድምፁ የክፍያውን ሕግ ሻረው፤ በ2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ መልሶ አወጣው። በሕጉ መሠረት ካውንቲው ሒሳቡን የሚጠይቀው የነዋሪውን ኢንሹራንስ ነው፤ ኢንሹራንሱ ያልከፈለውን ግን ነዋሪው በግብሩ እንደ ከፈለ ስለሚቈጠር ከኪሱ አይጠየቅም። ካሊፎርኒያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎቿ ውል ለሌለው አምቡላንስ የሚከፍሉት ውል ላለው ከሚከፍሉት እንዳይበልጥ አድርጋለች። በኦሬጎን ግዛት ደግሞ ፋየርሜድ የሚባል አባልነት አለ፤ ቤተ ሰቡ በዓመት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፥ አምቡላንስ ሲያስፈልገው ከኢንሹራንሱ የተረፈውን አይጠየቅም። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ግብሩ እድር ነው።

የግዛቶቹ ሕግ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለበት። ብዙ ታላላቅ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሕክምና ከራሳቸው ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የኢንሹራንሱ ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ያለው ውል በ1974ቱ የፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደር የግዛት ሕግ አይነካውም። በመሥሪያ ቤታቸው በኩል ኢንሹራንስ ካላቸው ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሆኑት በዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የሁለት ጎረቤታሞች ሒሳብ፥ በአንድ አምቡላንስ ተጭነው እንኳ፥ ሊለያይ ይችላል።

ፍርሃት የሚያስከፍለው

ሒሳብ የሚፈራ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ዴቪድ ስለስኪና ሊዮን ሞስካቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2017 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ኡበር በገባባቸው የአሜሪካ ከተሞች የአምቡላንስ ጕዞ ሰባት በመቶ ያህል መቀነሱን ገልጸዋል። እግሩ ለወለመው ሰው ይህ ብልኅነት ነው። ደረቱን ለያዘው ግን አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር ከሚነዱት ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ናቸው፤ እነርሱም የሚያጣጥር ሰው በኋላ ወንበራቸው ሊያገኙ ይችላሉ። ሾፌሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ልብ ሲቆም ማስነሻ መሣሪያ የለውም፤ የልቡን ምት ሥዕል አስቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ ልኮ ሐኪሞቹ ተዘጋጅተው እንዲጠብቁ ሊያደርግም አይችልም። በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም እንደ ተባለ፥ በሽታውን ለታክሲ የሰጠም እንዲሁ ነው።

ለወገኖቻችን የሚበጅ

እንግዲህ በዚያ አገር ለሚኖሩ ወይም ለመሄድ ለተነሡ ወገኖቻችን ጥቂት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፥ ደረት ሲጨንቅ፥ አፍ ሲጣመም፥ ክንድ ሲዝል፥ ትንፋሽ ሲያጥር 911 መደወል ነው። ስልኩን የሚያነሣው ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው አድራሻ እንጂ ኢንሹራንስ አይደለም። እንግሊዝኛ ያልቀናው ሰው «አምሃሪክ» ብሎ የቋንቋውን ስም ቢናገር በብዙ ቦታ አስተርጓሚ ይጠሩለታል። ሆስፒታሉም ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ሕግ መሠረት፥ ድንገተኛ ሕመምተኛን ገንዘብ የለውም ብሎ ሳይመረምር ሊመልሰው አይችልም።

ሁለተኛ፥ ለጥየቃ የሚሄዱ ወላጆች ሜዲኬርም ሜዲኬይድም እንደማይሸፍናቸው ማወቅ ይገባል። ልጆቻቸው አመልክተው የመኖሪያ ፈቃድ ያወጡላቸው እንኳ፥ በአገሩ ሠርተው ያላዋጡ ከሆነ፥ እየከፈሉ ወደ ሜዲኬር ለመግባት በአብዛኛው አምስት ዓመት መቈየት አለባቸው። ስለዚህ የመንገደኛ ኢንሹራንስ ከመሳፈር በፊት መግዛት፥ ውሉም አምቡላንስን መጨመሩንና ነባር በሽታን ማስቀረት አለማስቀረቱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፥ የሒሳብ ደብዳቤ ሲመጣ መደንገጥም መጣልም አይገባም። አስቀድሞ የኢንሹራንሱ ኩባንያ መልስ እስኪደርስ መጠበቅ፥ ዝርዝሩን ማስላክ፥ የተጻፈው ሕክምናና ማይል እውነት መሆኑን ማየት ነው። ኩባንያው «አምቡላንስ አያስፈልግህም ነበር» ብሎ ቢከለክል፥ በአብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ፓራሜዲኮቹ በመኪናው ውስጥ የጻፉት መዝገብ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። ገቢው ያነሰም ቅናሽ ወይም ምሕረት እንዲደረግለት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ብዙ ከተሞች ለዚህ የተዘጋጀ ፎርም አላቸው።

ይህ ሁሉ ግን ለአንድ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው፤ የሥርዓቱን ጕድለት አይሞላም። በካናዳ በኦንታሪዮ ግዛት የመንግሥቱ ጤና ኢንሹራንስ ያለው ሰው አምቡላንስ በእውነት ካስፈለገው የሚከፍለው 45 ዶላር ነው። በእንግሊዝ አገር ለነዋሪው ምንም አይጠየቅም። አምቡላንሱ በእነዚህ አገሮችም ነዳጅ ይጠጣል፥ ሠራተኛውም ደመወዝ ይበላል፤ ልዩነቱ ገንዘቡ አስቀድሞ ከሁሉ መዋጣቱ ነው። የአሜሪካ ካውንቲዎችም ይህን በየሰፈራቸው ሞክረው አይተውታል። እስከዚያ ድረስ ግን ለወገኖቻችን የምንለው አንድ ነው፤ ከመሞት መሰንበት ይሻላልና በመጀመሪያ ይደውሉ፥ ስለ ሒሳቡ ደግሞ ድነው በእግራቸው ቆመው ይከራከሩ።